በአስርና በዒሻ መካከል ልጆቻችን የት ናቸው?







ይህ ጽሑፍ በቡና ለቀማ ወራት ከአስር ሶላት በኋላ ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ኮሚቴው በዚህ መታሰቢያ መጽሔት እንዲወጣ ሲጠይቀኝ አንዳንዱን አሳጠርኩ፤ በዕለቱ ሰዓት አጥሮኝ ያልተናገርኩትንም ጨመርኩበት። በቦታው የነበራችሁ በትዕግሥት ድገሙት። ያልነበራችሁትንም ከፊቴ እንደተቀመጣችሁ ቆጥሬ ነው የማነጋግራችሁ።

ነገሩን ያስነሳኝ አንድ ንጋት ነው። ለሱብሒ በሩን ልከፍት ስመጣ ውዱእ ከምናደርግበት ቦታ አጠገብ ካለው ደረጃ ላይ አንድ ሰው ተጋድሞ አየሁ። መጀመሪያ የመሸበት መንገደኛ መሰለኝ። ቀረብ ብዬ ባትሪዬን ሳበራ የማውቀው ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ በመድረሳችን ቁርኣን ያኸተመ፣ ገና 17 ዓመት ያልሞላው። ልብሱ በትውከት ተበላሽቷል። ትንፋሹ አረቄ አረቄ ይላል። በጀርባው ተንጋሎ ስለነበር ፊቱን ለማየት ብዬ በጎኑ አዞርኩት። ይህችን ማዞር በኋላ እመለስባታለሁና አትርሷት።

ሰው ሳያየው ወደ ክፍሌ አስገባሁት። ከዙህር በፊት ነቃ። ውኃ ሰጥቼው ትንሽ ከቆየሁ በኋላ፣ «ልጄ፣ መጠጥ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ሼኽዬ፣ እኔ ጠጪ አይደለሁም እኮ። ጨብሼ ነው እንጂ» አለኝ።

ልጁ እየዋሸኝ አልነበረም። እውነት መስሎት ነው። መጠጥ ሐራም መሆኑን ያውቃል፤ ጠጪ የሚባለው ግን ጠጅ ቤት ውሎ የሚያድር ሌላ ሰው ነው። እሱ የጠጣው ለመጠጣት ብሎ ሳይሆን የቃመውን ለመስበር ነው። ኦሮምኛ ለምናውቅ «ጨብሲ» የሚለውን ቃል ማስረዳት አያስፈልግም፤ «ስበር» ማለት ነው። ልጆቻችን ይህችን አንዲት ቃል በመጠጡ ላይ ሸፍነውበት፣ በሽፋኑ ውስጥ ሆነው ከጫት ወደ ቢራ፣ ከቢራም ወደ አረቄ ይሻገራሉ። ስለዚህ ዛሬ ስለ መጠጥ ስናገር ስለ ጫትም መናገሬ አይቀርም። አንዳንዶቻችሁ ቅር እንደምትሰኙ አውቃለሁ።

አስቀድሜ በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ላስረዳ። ይህን የተማርኩት ከሐኪሞች ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ ከተማርኩት ባዮሎጂ የቀረችኝም ትንሽ ረድታኛለች። ትኩስ የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው የሚያነቃ መድኃኒት ጋር ይመሳሰላል፤ ልብን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ረሃብንና እንቅልፍን ያባርራል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ጫት በኮባ የሚጠቀለለው፣ የጫት መኪናም በየመንገዳችን ሰው እስኪገጭ ድረስ የሚከንፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ልጁ ከዙህር በኋላ ይቀመጣል። ምሳ አልበላም፤ ወይም ለበርጫ ብሎ ሁለት ጉርሻ ብቻ ቀምሷል። በአስር ሰዓት ጉንጩ ሞልቷል። ወደ መግሪብ ሲቃረብ ምርቃናው ይመጣል፤ በዚያ ሰዓት ያልተሠራ ፎቅ፣ ያልተገዛ መኪና የለም። ከመግሪብ በኋላ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። አንዱ ጥግ ይይዛል፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል። ልብ ይመታል፣ ሐሳብ ይከብዳል፣ ቤት ገብቶ ቢተኛ ዓይኑ ፈጥጦ እንደሚያነጋ ያውቀዋል። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ፣ «እንጨብስ» ይላል።

አልኮል ደግሞ በተቃራኒው የሚያደነዝዝ ነው። አንዱ ነዳጅ ሌላው ፍሬን ሆኖ የሚጠፋፉ ይመስላቸዋል። ግን አይጠፋፉም። ጫቱ ነቅቶ ስለሚያቆየው ስካሩ አይሰማውም፤ አንድ ጠርሙስ ጠጥቶ መተኛት የነበረበት ልጅ ሦስትና አራት ይጨምራል። ሆዱም ባዶ ነውና መጠጡ ፈጥኖ ወደ ደሙ ይገባል። ጫቱ ሲለቀው ግን መጠጡ ገና በደሙ ውስጥ አለ። ያን ጊዜ ነው መንገድ ላይ የሚወድቀው። ቢራ ሲሆን የአልኮሉ መጠን 5 በመቶ ያህል ነው፤ አረቄ ግን ብዙውን ጊዜ ከ30 በመቶ በላይ ነው። የልጆች ኪስ ደግሞ የሚችለው አረቄውን ነው።

በማግስቱ ራሱ ይፈነዳል፣ ሐራራው ይነሣል። እሱን ለማስታገስ ጠዋት ኢጃባና ይቅማል። ከሰዓት በርጫ፣ ማታ ጨብሲ። በዚህ መካከል ትምህርት ቤቱ የትኛው ሰዓት ላይ ነው? ሶላቱስ?

የልጅ አንጎል እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ እየተገነባ ያለ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የወጣ አንድ ታላቅ ጥናት እንዳሳየው፣ ከ15 ዓመታቸው በፊት መጠጣት ከጀመሩ 100 ሰዎች መካከል 40 የሚያህሉት በሕይወታቸው በአንድ ወቅት የመጠጥ ሱሰኛ ሆነዋል፤ 20 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ከጀመሩት ግን 10 ያህሉ ናቸው። «ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» የምንለውን ይህ ቁጥር ያፈርሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና ጉዳት የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሎ አስታውቋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ብዙው የሚያሰክር ነገር ጥቂቱም ሐራም መሆኑን ያስተማሩን ግን ከ1400 ዓመታት በፊት ነው።

በንግግሩ ዕለት ቡና ወደ አዲስ አበባ የሚጭን አንድ አባት እጁን አውጥቶ፣ «ሼኽ፣ ኮኬይን የሚሉትስ? እሱም ልጆቻችን ጋ ደርሶ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። ኮኬይን በደቡብ አሜሪካ፣ በተለይም በኮሎምቢያ፣ በፔሩና በቦሊቪያ ከሚበቅል ኮካ ከሚባል ቅጠል የሚወጣ ዱቄት ነው። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ሲያሳልፉ የተያዙ መንገደኞች ዜና በየጊዜው ይነገራል። ዋጋው እጅግ ውድ ነውና አጋሮ ላይ ቡና የሚለቅም ልጅ እጅ አይገባም። ይሁንና ሁለት ነገር ልብ በሉ። የዚያ አገር ሰዎችም ኮካን እንደ እኛ ቅጠሉን እያኘኩ ነበር የኖሩት፤ ሌሎች መጥተው ቅጠሉን ወደ ዱቄት ለወጡት። የካቲኖን ዝርያዎችም ዛሬ በውጭ አገር በፋብሪካ እየተሠሩ በዱቄትና በክኒን ይሸጣሉ። ሁለተኛ፣ ኮኬይን ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ጉበት ውስጥ ኮካኤቲሊን የሚባል፣ ለልብ የባሰ አደገኛ የሆነ ሦስተኛ ነገር ይፈጠራል። አንዱን ሱስ በሌላው እሰብራለሁ ማለት በየትም አገር መጨረሻው አያምርም። አባቱን፣ «ከቦሌው ይልቅ ከሱቅህ ጀርባ ያለውን ክፍል ፍራው» አልኩት። ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

አሁን ወደ ወራቱ ልምጣ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የእኛ አገር መልክ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። በአጋሮም በሉ በሊሙ ገነት፣ በሰቃም በሉ በጌራ፣ ቀይ እሸት ቡና የሚለቅመው አብዛኛው ልጅ ነው። በኪሎ ይመዘንለታል፣ ማታውኑ በእጁ ይቆጠርለታል። በዓመት ውስጥ ልጁ የራሱ ገንዘብ የሚኖረው በእነዚህ ወራት ብቻ ነው። አባቱ፣ «ልጄ ወንድ ሆነ» ብሎ ይደሰታል፤ ገንዘቡ የት እንደገባ ግን አይጠይቅም። ከቡና ማጠቢያው እስከ ከተማው ባለው መንገድ ዳር በለቀማ ወራት ብቻ የሚከፈቱ ቤቶች አሉ። ቀን ሻይ ቤት ናቸው፤ ማታ መጋረጃ ይጋረዳል፣ ዘፈን ይከፈታል። ባለቤቶቹ የልጁን ኪስ ከአባቱ ይልቅ ያውቁታል። ቢራውም ከሩቅ አይመጣም፤ በደሌ ጎረቤታችን ነች። መንግሥት ፋብሪካውን በ2003 ዓ.ም. ለሄኒከን ኩባንያ ሸጦታል።

ጫቱም በእርሻችን ውስጥ ነው። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ እንዴት እንደወደቀ ትልልቆቹ አትረሱትም፤ ገበሬው ለለቃሚ የሚከፍለው እንኳ አጥቶ ነበር። ያን ጊዜ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ አለ፤ ቡናውን ባይነቅልም ዳር ዳሩን ጫት ያደረገ አለ። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚሸጠው፤ ጫት ግን ደጋግሞ ይቆረጣል፣ በዕለቱም ብር ይሆናል። እኔ ያን ገበሬ አልወቅስም፤ ልጆቹን ያበላው በእሱ ነው። የምለው፣ ጫቱን የሸጠበት ብር በቀኝ ኪሱ ሲገባ ልጁ በግራ በኩል መውጣቱን ያስተውል ነው።

እዚህ ላይ ያ ልጅ ወዳለኝ ሁለተኛ ነገር ልመለስ፤ ለመጻፍም የከበደኝ ይኸው ነው። ስለ መጠጥ ሐራምነት ስነግረው ቆየና በቀስታ፣ «ሼኽዬ፣ መጠጡንስ እሺ። ጫቱን ግን ማን አስተማረን? ዱዓ ላይ አይደል የለመድነው?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

እኔ ራሴ ጫት የጀመርኩት በዚያው ልጅ ዕድሜ፣ ደረሳ ሆኜ ነው። ሌሊት ኪታብ ስንቀራ እንቅልፍ እንዳይጥለን እንቅማለን። ሼኾቻችንም ለዚክርና ለዱዓ ሲቀመጡ ጫት ከፊታቸው ነበር። እነዚያ አባቶች አላህን የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ፤ በእነሱ ላይ ክፉ አልናገርም። ምርቃናቸው የሚፈስበት ቦይ ነበረው፤ በዚክር ተጀምሮ በተሀጁድ ያልቃል። ከእነሱ መካከል ጫቱን ለመስበር ወደ አረቄ ቤት የሄደ አላየሁም። የልጆቻችን ምርቃና ግን ቦይ የለውም። እኛ ከአባቶቻችን ጫቱን ወርሰን ሌሊቱን ሳንወርስ ቀረን፤ ለልጆቻችን ደግሞ ቅጠሉን ብቻ አወረስናቸው።

የጫት ፍርድ በዑለማዎች ዘንድ የቆየ ክርክር ያለበት ነው። ከ400 ዓመታት በላይ በፊት መካ ይኖሩ የነበሩት ታላቁ የሻፍዒይ ዓሊም ኢብኑ ሐጀር አል-ሀይተሚ ከየመን ተጠይቀው ስለ ጫት ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። የቃሙት ሰዎች የሚሰጡት ምስክርነት እርስ በርሱ ስለተጋጨባቸው ቁርጥ አድርገው ሐራም አላሉትም፤ አጠራጣሪ ነገር ነውና መራቁ ይበጃል አሉ። በአገራችንም ሐራም የሚሉ፣ መክሩህ የሚሉ፣ የፈቀዱም ዑለማዎች አሉ። ይህን ክርክር የምቋጭ ሰው እኔ አይደለሁም፤ ደረጃዬን አውቃለሁ።

አንድ ጎበዝ ተማሪ ደግሞ፣ «ቡናም እኮ በአንድ ወቅት ሐራም ተብሎ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1511 መካ ውስጥ ኻይር ቤክ የሚባል ሹም ቡና መጠጣትን ከልክሎ ነበር። ቀህዋ የሚለው የዓረብኛ ቃልም ቀድሞ ከወይን ጠጅ ስሞች አንዱ ነበር፤ የቡና አገር ልጆች ይህን ማወቃቸው መልካም ነው። ክልከላው ግን አልቆየም። ሰዎች ጠጥተው አዩት፤ አእምሮ በቦታው ነው፣ ሶላት በቦታው ነው። እስካሁን ሦስት ስኒ ቡና ጠጥቶ፣ «አሁን የሚሰብርልኝ ነገር አምጡ» ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ልጁን ማታ ማታ ወደ አረቄ የሚመራው ቅጠል ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። ፊቅህ ውስጥ ሰድ አዝ-ዘራኢዕ የሚባል መርሕ አለ፤ ወደ ሐራም የሚወስደውን መንገድ መዝጋት ማለት ነው። ሽማግሌው በቤቱ የሚቅመው ላይ ዑለማዎች ይከራከሩ። በየማታው ጨብሲን የሚጠራው የ16 ዓመት ልጅ ጫት ግን ለእኔ ክርክር ያለበት አይደለም።

መጠጥ እንዴት እንደተከለከለ አስታውሱ። በአንድ ቀን አልነበረም። በሱረቱል በቀራ 219ኛው አንቀጽ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ። በአን-ኒሳእ 43ኛው አንቀጽ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ። በመጨረሻ በአል-ማኢዳ 90ኛውና 91ኛው አንቀጾች ፈጽሞ ተዘጋ። መካከለኛውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። የሶላት ወቅቶች ከዙህር እስከ ዒሻ ተከታትለው ይመጣሉ፤ ሰክሮ አለመቅረብ ማለት በተግባር ያንን ሰዓት ሁሉ ከመጠጥ ነጻ ማድረግ ነው። ያ የተዘጋው ሰዓት ዛሬ የእኛ ልጆች በርጫ የሚቀመጡበት ሰዓት ነው። አስርን አሰግደን ወደ ቤታችን ስንሄድ፣ ለዒሻ እስክንመለስ ድረስ ልጆቻችን የት እንደሆኑ ስንቶቻችን እናውቃለን?

የመጨረሻው አንቀጽ የወረደ ዕለት በመዲና የሆነውን ደግሞ ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲስ ይነግረናል። በአቡ ጦልሓ ቤት ታላላቅ ሶሓቦች ተቀምጠው ከተምር የተሠራ መጠጥ ይጠጡ ነበር። የሚቀዳላቸው አነስ ኢብኑ ማሊክ ነው፤ ከመካከላቸው በዕድሜ ትንሹ እሱ ነበር። መጠጥ መከልከሉን የሚያውጅ ሰው ድምፅ ከደጅ ሲሰማ አቡ ጦልሓ አነስን ወጥቶ እንዲያፈሰው አዘዙት፤ አፈሰሰው። የመዲና መንገዶች ያን ቀን በመጠጥ ተጥለቀለቁ። ይህን ሐዲስ ከልጅነቴ ጀምሮ ስቀራው ኖሬያለሁ፤ አንድ ነገር የገባኝ ግን ከዚያ ንጋት በኋላ ነው። በዚያ ቤት አነስ እንዲተው ታዝዞ ትልልቆቹ መጠጣታቸውን አልቀጠሉም። ልጁ ያፈሰሰው የትልልቆቹን ጽዋ ነው።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ፣ «ልጆች ባሉበት አልቅምም» ብዬ ለራሴ ወሰንኩ። ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ «ልጆች ባሉበት» የምትለዋ ቃል ማምለጫ መሆኗ ገባኝና ጨርሼ ተውኩት። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ከባድ ነበሩ፤ በየደረስኩበት እንቅልፍ ይጥለኛል፣ በጥቂቱ እቆጣለሁ። ባለቤቴ፣ «አላህ ይርዳህ፤ እኛንም ከአንተ ይጠብቀን» ትለኝ ነበር። ይህን የምጽፈው እናንተም ዛሬውኑ ተዉ ለማለት አይደለም። ልጁ ያንን ጥያቄ ለእናንተም ቢያነሣ፣ ምን ብላችሁ እንደምትመልሱ ከአሁኑ አስቡበት ለማለት ነው።

ቀጥሎ የምለው ቤት ለሚያከራዩ ወንድሞች ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመጠጥ ምክንያት እርግማን ያገኛቸው አሥር ሰዎች መሆናቸውን ተናግረዋል፤ የጠጣው ከአሥሩ አንዱ ብቻ ነው። የጠመቀው፣ ያስጠመቀው፣ የተሸከመው፣ የተሸከሙለት፣ የቀዳው፣ የሸጠው፣ የገዛው፣ የተገዛለት፣ ዋጋውን የበላው ሁሉ አሉበት። እኛ ዘጠኙን ትተን አንዱን ልጅ ብቻ እንገርፋለን። በከተማችን መጋረጃ ከተጋረደባቸው ክፍሎች መካከል ባለቤታቸው በመጀመሪያው ሶፍ የሚሰግድ እንዳለ ታውቃላችሁ። ስም አልጠራም። ኪራዩ ከፍ ያለው ለምን እንደሆነ ባለቤቱም ተከራዩም ያውቁታል። የአገሪቱ ሕግም ከእኛ ጋር ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። ከንግግሩ በኋላ አንድ ወንድም ወደ እኔ መጥቶ፣ «ሼኽ፣ ሱቅ ነው ብሎኝ ነው የተከራየኝ» አለኝ። «ታዲያ ዛሬ ሱቅ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። በሚቀጥለው ወር ክፍሉን ለልብስ ሰፊ አከራየው። የሚያገኘው ኪራይ እንዳነሰ ነግሮኛል፤ አላህ ይተካለት።

ለእናቶች የምነግራችሁ ደግሞ የሚያስፈራ ግን የሚጠቅም ነው። ልጃችሁ ሰክሮ የመጣ ሌሊት የመጀመሪያው ሥራችሁ ነፍሱን ማትረፍ ነው፤ ምክሩ ሲነጋ ይደርሳል። በጀርባው አታስተኙት፤ በጎኑ አድርጉት። ያን ንጋት ልጁን በጎኑ ያዞርኩት አውቄ አልነበረም፤ በኋላ ሐኪሙ፣ «ተንጋሎ ቢቆይ በገዛ ትውከቱ ታፍኖ ሊሞት ይችል ነበር» ሲለኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ብቻውን አትተዉት፣ አልብሱት። በእኛ አገር የተለመደው መራራ ቡና ስካርን አያወጣም፤ ጉበት በሰዓት የሚያጣራው የተወሰነ ነው፣ ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ አያፈጥነውም። ካልነቃ ልጅ አፍ ውስጥ ቡና ማፍሰስ ደግሞ ሊያንቀው ይችላል። ስትጠሩት ካልመለሰ፣ አተነፋፈሱ ከዘገየ ወይም ከተቆራረጠ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ውሰዱት። አረቄ ጠጥቶ በማግስቱ፣ «ዓይኔ ብዥ አለኝ» ካለም ጊዜ አትስጡት፤ ሜታኖል የተቀላቀለበት መጠጥ ዓይንን ያሳውራል፣ ይገድላልም። «ጎረቤት ምን ይላል» የሚለው ሐሳብ ስንት ልጅ እንዳስቀበረን አላህ ነው የሚያውቀው።

ሴት ልጅ ስትሆን መደበቁ ይብሳል። በተማሪ ኪራይ ቤቶች ለፈተና ጥናት ብለው ጫት የሚጀምሩ ሴት ልጆች እንዳሉ እናቶች ነግረውኛል። ጫት ሌሊቱን ያስነቃቸዋል፤ ጠዋት ፈተናው ላይ ግን እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ነው የሚቀመጠው። እነሱም ማታ ለመተኛት የሚሰብር ነገር ይፈልጋሉ። ለሴት ልጅ ደግሞ የሰከረችበት ክፍል ሌላም አደጋ ያለበት መሆኑን ለእናቶች መንገር አያስፈልገኝም።

አባቶች፣ ዱላውን በተመለከተ አጭር ቃል አለኝ። የተደበደበ ልጅ መጠጡን አይተውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያድርበትን ቦታ ይለውጣል እንጂ። ደረጃው ላይ ያገኘሁት ልጅ ቤቱ ከመስጊዱ 200 ሜትር አይርቅም። ወደ ቤት ለምን እንዳልሄደ ስጠይቀው፣ «አባቴ ይገድለኛል» አለኝ። አባቱ በዚያ ሌሊት ሳይተኛ በየመንገዱ ሲፈልገው ማደሩን ልጁ አያውቅም ነበር። ሁለቱም እኔ ክፍል ውስጥ ተገናኝተው ተላቀሱ፤ ከዚያ በላይ አልጽፍም።

ልጁ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ሰው ይከተለኛል ማለት፣ በገዛ እናቱ ምግብ መጠራጠር ከጀመረ ደግሞ ጉዳዩን ጂን ነው ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ብዙ ጫት ይህን ሊያመጣ ወይም ያለውን ሊያባብስ ይችላል። ሩቃ እኔም እቀራለሁ፤ ግን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ሁለቱ አይጣሉም። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆምም ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥና ሊያንዘፈዝፈው ይችላልና ማቆሙን በሐኪም ምክር ያድርገው።

አሁን ኮሚቴያችን የጀመረውን ልንገራችሁና ላብቃ። ከአስር እስከ ዒሻ የመድረሳው አዳራሽ ክፍት ሆኗል። ሁለት መምህራን ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠናሉ፤ ሻይና ዳቦ አለ፤ ከኋላ ባለው ሜዳ ኳስ ይጫወታሉ። ጫት አይገባም፤ የእኛ የትልልቆቹም አይገባም። በዚህ ጉዳይ ኮሚቴው ውስጥ ክርክር ተነሥቶ አንድ አባታችን ለሦስት ሳምንት ሳይመጡ ቆይተው ነበር። የመጀመሪያው ቀን አራት ልጆች መጡ። ሁለቱ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ሐራራ ነበር፣ አልቀሰቀስናቸውም። አሁን ወደ 30 ይጠጋሉ። በለቀማ ወራት ግን ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ኪሳቸው ሲሞላ መንገዱ ይረዝምባቸዋል። ስለዚህ በዘንድሮው ለቀማ ልጃችሁ የሚቀበለውን ገንዘብ በየማታው አብራችሁ ቁጠሩ፤ ግማሹን በስሙ አስቀምጡለት፣ በቀረው ምን እንደሚገዛ ጠይቁት። ሊያስጠና የሚችል፣ ዳቦ ሊያመጣ የሚችል፣ ወይም እንዲያው ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ የሚጨዋወት አባት ካለ ስሙን ለኮሚቴው ጸሐፊ ያስመዝግብ።

ያ ልጅስ ብላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይቀራል። ሁለት ጊዜ ተመልሶ ጨብሷል፤ ሁለቱንም ራሱ መጥቶ ነግሮኛል፤ ሁለተኛውን ጊዜ «ጠጣሁ» ነው ያለኝ እንጂ «ጨበስኩ» አላለኝም። ትናንት ከአስር በኋላ መጥቶ ለትንንሾቹ ሻይ ሲቀዳ ነበር።